ወረፋና ጤና፦ ጥቂት ውሃን በጋራ በሚጠቀሙ ደረቅ አካባቢዎች ወረርሽኝን መከላከል

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ ብዙ መሰብሰቢያዎች ተዘግተዋል። ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ወደ ቤት መልሰዋል፤ ሠርግ ተላልፏል፤ ለቅሶም በጥቂት ሰዎች እንዲፈጸም ተደርጓል። አንድ መሰብሰቢያ ግን ሊዘጋ አልቻለም፤ ሊዘጋም አይገባውም። እርሱም የውሃ ወረፋ ነው። በዝናብ አጠር ቆላማ አካባቢ የሚኖር ቤተሰብ ከገበያ ለሁለት ሳምንት ሊቀር ይችላል፤ ከውሃ ግን ለሁለት ቀን እንኳ መቅረት አይቻለውም።

በዚህ ላይ የወረርሽኙ ዋነኛ ምክር «እጅን በውሃና በሳሙና አዘውትሮ መታጠብ» ነው። ምክሩ ትክክል ነው። ሆኖም አንድ ጀሪካን ውሃ ለመቅዳት ግማሽ ቀን ለምትጓዝ እናት ምክሩ ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ እጅ የሚያነጻው ውሃ የሚገኘው ሰው ተጨናንቆ በሚቆምበት ስፍራ ነውና። ብዙ ውሃ ለማግኘት ብዙ ጊዜ መሰለፍ፣ ብዙ ጊዜ መሰለፍ ደግሞ ለትንፋሽ ንክኪ መጋለጥን ያስከትላል። ይህ ትምህርት የሚመለከተው ይህንኑ ቋጠሮ ነው፤ ተጨማሪ ውሃ ሳይገኝ፣ ባለው ውሃ ብቻ፣ መጨናነቁን መቀነስና ንጽሕናን መጠበቅ የሚቻልባቸውን መንገዶች ያሳያል።

ከቦረና የሚገኝ ትምህርት

ውሃን በተራ መጠቀም ለደረቅ አካባቢ ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም። ከኬንያ ወሰን አጠገብ በሚገኘው የቦረና ምድር ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠበቃል። «ገና» የሚባለው ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ «ሀገያ» የሚባለው አነስተኛው ደግሞ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ይጥላል። በእነዚህ ወራት ከብቱም ሰውም ከኩሬ ይጠጣሉ። ኩሬዎቹ ሲደርቁ ግን ሕይወት የሚደገፈው «ቱላ» በሚባሉት ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ነው። እነዚህ ጉድጓዶች በእጅ የተቆፈሩና ዘመናት ያስቆጠሩ ሲሆኑ፣ «ቱላ ሰግላን» ማለትም ዘጠኙ ቱላዎች ተብለው ይታወቃሉ። በዱብሉቅ የሚገኙት ከእነርሱ መካከል ናቸው።

ከቱላ ውሃ ማውጣት የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ከጉድጓዱ ግርጌ እስከ ገንዳው ድረስ ሰዎች አንዱ ከሌላው በላይ በመወጣጫው ላይ ተደርድረው ይቆማሉ። በውሃ የተሞላው መቅጃ ከእጅ ወደ እጅ ወደ ላይ ይወረወራል፤ ባዶው ደግሞ በዚያው መንገድ ይመለሳል። የእጃቸውን ቅብብል የሚያስማማው ዜማ ነው። ከሩቅ የመጡ ሰዎች «የሚዘምሩ ጉድጓዶች» የሚል ስም የሰጧቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ከብቶቹ የሚጠጡበት ገንዳ ከመሬት ወለል ዝቅ ብሎ፣ ረጅም ቁልቁለት መተላለፊያ ተቆፍሮለት የተሠራ ነው። መንጋ ሁሉ እንዳሻው አይገባበትም፤ ተራው የደረሰው ብቻ በቁልቁለቱ ይወርዳል፣ ጠጥቶም ይወጣል።

ለጤና ትምህርት ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የውሃው አስተዳደር ነው። እያንዳንዱ ጉድጓድ ቀድሞ በቆፈረው ሰው ስም የሚጠራ ባለመብት አለው፤ «ኮንፊ» የሚባለው ይህ መብት ለትውልድ ይተላለፋል። ይሁን እንጂ የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚመራው «አባ ሄሬጋ» የተባለው የተራ ኃላፊ ነው። ማን በየትኛው ቀን፣ ከማን ቀጥሎ ውሃ እንደሚያጠጣ፣ ማን የሰው ኃይል እንዳዋጣ፣ ማን ገንዳውን እንደሚጠግን የሚከታተለው እርሱ ነው። አለመግባባት ሲነሣ ወይም ጉድጓዱ ጥገና ሲያስፈልገው ተጠቃሚዎቹ በጉድጓዱ ሸንጎ ተሰብስበው ይመክራሉ። በበጋ ወቅት ከብት በየቀኑ አይጠጣም፤ በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ተራ ይደርሰዋል። ስለዚህ ተራ ማለት በዚያ ምድር ከፊትና ከኋላ የመቆም ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቀን ጉዳይም ነው። ተራው ነገ የሆነ ሰው ዛሬ ወደ ጉድጓዱ የሚመጣበት ምክንያት የለውም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ሕግ አለ። ለከብት የሚሆን ውሃ በመብትና በተራ ይሰጣል፤ ለሰው የሚጠጣ ውሃ ግን ለማንም አይከለከልም። መንገደኛም ይሁን የሌላ ጎሣ ሰው፣ የተጠማ ሰው ይጠጣል። በወረርሽኝ ጊዜ ይህ ሕግ ከምን ጋር እንደሚጋጭና ለምን ሳይፈርስ መጠበቅ እንዳለበት ከዚህ በታች ይታያል።

የወረፋው ስሌት

በብዙ ቀበሌዎች የውሃ ችግር ተብሎ የሚነገረው ነገር ሁለት ችግሮችን ይዟል፤ አንዱ የውሃው ማነስ፣ ሌላው የሰዓቱ መጣበብ ነው። ሁለተኛው ያለ ምንም ወጪ ሊቃለል ይችላል። ለምሳሌ አንድ የእጅ ፓምፕ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንን በሁለት ደቂቃ ይሞላል እንበል። አንድ መቶ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው ሁለት ጀሪካን ቢቀዱ በጠቅላላው 200 ጀሪካን ይሆናል። ይህን ለመሙላት 400 ደቂቃ፣ ማለትም 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያስፈልጋል። ሁሉም ሰው ፀሐይ ሳይበረታ ለመድረስ ሲል ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ቢመጣ የመጨረሻው ሰው የሚቀዳው ከቀኑ 6 ሰዓት ከ40 ገደማ ነው። መቶ ሰው አብሮ ቆሞ ይውላል፤ ያወራል፣ ይጨቃጨቃል፣ አንዳንዴም ተራ ተነጠቅሁ ብሎ ይጋፋል። ከእነዚህ መካከል አንድ ሰው እንኳ ቫይረሱን ቢይዝ ለሌሎች የሚያደርስበት በቂ ጊዜ አለው።

እነዚሁ መቶ ቤተሰቦች በአሥር ቡድን ቢከፈሉ ለእያንዳንዱ ቡድን 20 ጀሪካን ይደርሳል፤ ይህም 40 ደቂቃ ይወስዳል። አንዱ ቡድን ሲወጣና ሌላው ሲገባ እንዳይደራረብ አምስት ደቂቃ ይጨመር። የመጀመሪያው ቡድን 12 ሰዓት ላይ፣ ሁለተኛው 12 ሰዓት ከ45 ላይ፣ ሦስተኛው 1 ሰዓት ከ30 ላይ ይጀምራል። አሥረኛው ቡድን ከቀኑ 7 ሰዓት ከ25 ላይ ይጨርሳል። ውሃው አንድ ሊትር እንኳ አልጨመረም፤ በፓምፑ ዙሪያ የሚገኘው ሰው ግን ከመቶ ወደ አሥር ወርዷል፤ ከ40 ደቂቃ በላይ የሚጠብቅም የለም። በሰብዓዊ ድጋፍ ሥራ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚያገለግለው የስፌር መመዘኛ አንድ ሰው ውሃ ለመቅዳት ከ30 ደቂቃ በላይ መሰለፍ እንደሌለበት፣ አንድ የእጅ ፓምፕም ከ500 ሰው በላይ ማገልገል እንደሌለበት ይገልጻል። ቡድኖቹ በአምስት በአምስት ቤተሰብ ቢሆኑ ወረፋው ከዚህ ልክም በታች ይሆናል።

ይህ ስሌት በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ተግባራዊ ሲሆን ሁለት እንቅፋቶች ያጋጥማሉ። የመጀመሪያው የጉድጓዱ ጠባይ ነው። በበጋ ብዙ ጉድጓዶች ሌሊቱን ውሃ አጠራቅመው ያድሩና ጠዋት በብዛት ይሰጣሉ፤ ወደ ቀትር ሲጠጋ ግን ፍሰታቸው ይቀንሳል። አሥረኛው ቡድን ዘወትር አሥረኛ ከሆነ በሐሩር ሰዓት መጥቶ የቀጠነ ውሃ ይደርሰዋል። እንዲህ ያለ ተራ ከሁለት ሳምንት በላይ አይጸናም፤ ሰው ወደ ቀድሞው ግፊያ ይመለሳል። ስለዚህ የቡድኖቹ ቅደም ተከተል በየሳምንቱ ይዘዋወር፤ በዚህ ሳምንት መጀመሪያ የነበረው በሚቀጥለው መጨረሻ ይሁን። ሁለተኛው እንቅፋት የሰዓት ነገር ነው። ሰዓት የሌለው ቤተሰብ ብዙ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ቡድኑን በሰዓት ከመጥራት ይልቅ በምልክት መጥራት ይሻላል፤ ደወል፣ ጡሩምባ ወይም ከፍ ባለ ቦታ የሚሰቀል ባለ ቀለም ጨርቅ ያገለግላል። አባ ሄሬጋን የመሰለ፣ ሁሉም የሚያውቀውና ቃሉ የሚሰማ የተራ ኃላፊ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ተራውን የሚጠብቀው በግድግዳ ላይ የተለጠፈው ዝርዝር ብቻ አይደለም፤ «የእናንተ ተራ ገና ነው፤ ወደ ቤት ተመለሱ» ሲል የሚታመን ሰው ያስፈልጋል።

ጀሪካን ተሰልፎ ሰው ሲርቅ

በሀገራችን ጀሪካንን በተራ አስቀምጦ ባለቤቱ ጥላ ፍለጋ የሚሄድበት ልማድ የቆየ ነው። ይህ ልማድ በወረርሽኝ ጊዜ ትልቅ ጥቅም አለው። የሚሰለፈው ዕቃው ብቻ ከሆነ ሰዎቹ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ያህል ተራርቀው መቀመጥ ይችላሉ። ጉድለቱ ሰዎቹ በአንዲት ግራር ጥላ ሥር መሰባሰባቸው ነው፤ ወረፋው ከፓምፑ ወደ ግራሯ ተዛወረ እንጂ አልቀነሰም። በዙሪያው ሌላ ጥላ ከሌለ በእንጨትና በሰሌን ሁለት ሦስት ዳስ ማቆም የውሃ ኮሚቴው ሊያስብበት የሚገባ ሥራ ነው። የመቆሚያ ቦታዎችን በድንጋይ ወይም በአመድ ምልክት ማድረግም ይረዳል። ጀሪካኑን የሚያነሣውና የሚያስጠጋው ባለቤቱ ብቻ ይሁን፤ አቅመ ደካማ ሲሆን ግን የሚረዳው ሰው ከዚያ በኋላ እጁን ይታጠብ።

የፓምፑን እጀታ ሁሉም ሰው ይነካዋል። ስለዚህ ከፓምፑ መውጫ ላይ የእጅ መታጠቢያ ቢኖር ይመረጣል። አንዳንድ ቦታ መሬቱን፣ አጥሩንና የጀሪካኑን ውጫዊ ገጽ በክሎሪን ለመርጨት ሲሞከር ታይቷል። ኮቪድ-19 በዋነኛነት የሚተላለፈው በሚያስነጥስ፣ በሚያስልና በቅርብ በሚነጋገር ሰው ትንፋሽ አማካይነት ስለሆነ መሬት መርጨት ይህ ነው የሚባል ጥቅም የለውም፤ ለሚረጨውም ሰው ዓይንና ሳንባ ጎጂ ነው። ውሃ ባነሰበት ቦታ ያለው ክሎሪን የመጠጥ ውሃን ለማከም፣ ያለው ሳሙና ደግሞ ለእጅ ይዋል።

ውሃ በቦቴ የሚመጣባቸው ቀበሌዎች የተለየ ችግር አለባቸው። ቦቴው የሚደርስበት ሰዓት አይታወቅም፤ ጥሩምባው ሲሰማ ሕፃን አዋቂው ይሮጣል፤ በአንድ ቱቦ ዙሪያም ይተፋፈጋል። መፍትሔው ውሃው ከቦቴው በቀጥታ እንዳይቀዳ ማድረግ ነው። ቦቴው ወደ ሮቶ ወይም ወደ ገንዳ ገልብጦ ይሂድ፤ ሕዝቡም ከዚያ በኋላ ከሮቶው በተዘረጉት ቧንቧዎች በተራው ይቅዳ። በመመዘኛው መሠረት አንድ ቧንቧ ለ250 ሰው ይበቃል።

በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚሠሩ ሰዎች

ወደ ቱላ እንመለስ። በመወጣጫው ላይ የሚቆሙት ሰዎች ተራርቀው መሥራት አይችሉም፤ ቢራራቁ መቅጃው ከእጅ ወደ እጅ አይደርስም። ሥራው ከባድ ስለሆነ በኃይል ይተነፍሳሉ፤ ድምፃቸውንም ከፍ አድርገው ያዜማሉ። ከጉድጓዱ ግርጌ ያለው አየር ደግሞ እንደ ሜዳው አየር አይነፍስም። ቫይረሱ ይበልጥ ሊተላለፍ የሚችልባቸው ሁኔታዎች በአንድ ላይ የተገኙበት ቦታ ነው ማለት ይቻላል። «አትሰብሰቡ» የሚለው ቃል ግን እዚህ ላይ ትርጉም የለውም፤ ሰዎቹ ካልተሰበሰቡ ከብቱ ይሞታል፣ ከብቱ ከሞተ ቤተሰቡ ይራባል።

ሊደረግ የሚችለው ቡድኑን ማጽናት ነው። በመወጣጫው ላይ የሚሠለፉት በየቀኑ የሚለዋወጡ ሰዎች ከሆኑ አንድ ታማሚ በሳምንት ውስጥ ከብዙዎች ጋር ይነካካል። ተመሳሳይ ሰዎች፣ በተቻለ መጠንም ከአንድ መንደር የሆኑት፣ ዘወትር አብረው ቢሠሩ ግን በሽታ ቢከሰት እንኳ ከዚያ ቡድን አይዘልም፤ ሌላው ቡድን ሥራውን ይቀጥላል። ትኩሳት፣ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ያለበት ሰው ወደ ጉድጓድ እንዳይወርድ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በየዕለቱ መጠየቅ ይገባል። ዕድሜያቸው የገፋ፣ የስኳር፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከጉድጓዱ ውጭ ያለውን ሥራ ቢይዙ ይመረጣል፤ ተራ መቆጣጠር፣ ከብት ማሰማራት፣ ገንዳ መጠበቅ የእነርሱ ድርሻ ይሁን። ዜማውን በተመለከተ ጨርሶ ማስቆም አደጋ አለው፤ የእጅ ቅብብሉን የሚመራው እርሱ ነውና። ከገንዳው አጠገብ በገላጣው የቆመ አንድ ሰው እያዜመ፣ በታች ያሉት በዝግታ ቢቀበሉት ግን የሥራው ስምምነት ሳይፈርስ የትንፋሹ ኃይል ይቀንሳል። የፊት መሸፈኛ በከባድ ሥራ ላይ በላብ ረጥቦ መተንፈስን ስለሚያስቸግር በመወጣጫው ላይ ላሉት ሳይሆን በገንዳው ዙሪያ ለሚጠብቁት ይመከራል።

አርባ ሊትር ለአምስት ሰው

ውሃው ቤት ከደረሰ በኋላ ያለው አያያዝ የወረፋውን ርዝመትም ይወስናል፤ በአግባቡ የተያዘ ውሃ አንድ ጉዞ ያስቀራልና። አምስት ሰዎች ያሉበት ቤተሰብ በቀን ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይቀዳል እንበል። ለአንድ ሰው ስምንት ሊትር ይደርሳል፤ የስፌር መመዘኛ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር እንደሚያስፈልግ ስለሚገልጽ ይህ ከሚገባው ግማሽ ያህሉ ነው። ከ40 ሊትሩ 15ቱ ለመጠጥ፣ 15ቱ ለምግብ ማብሰያና ለዕቃ ማጠቢያ ቢመደብ ለእጅ መታጠቢያ 10 ሊትር ይተርፋል። ለገላና ለልብስ የሚሆን ምንም አልቀረም፤ ለእነርሱ ሌላ ቀን፣ ሌላ ጉዞ ያስፈልጋል። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ቤተሰቡን መሸንገል ይሆናል።

አሥሩ ሊትር ግን ከሚገመተው በላይ ይሠራል። ከጆግ እየተንቆረቆረ የሚታጠብ ሰው በአንድ ጊዜ ከአንድ ሊትር በላይ ሊያፈስ ይችላል። ውሃው በቀጭኑ እንዲወርድ ከተደረገና እጅ በሳሙና በሚታሽበት ጊዜ ከቆመ ሩብ ሊትር ያህል ይበቃል። በዚህ ስሌት አምስቱ ሰዎች እያንዳንዳቸው በቀን ስምንት ጊዜ መታጠብ ይችላሉ። የሚታጠቡትም ምግብ ከማዘጋጀት፣ ከመመገብና ሕፃን ከማጥባት ወይም ከማብላት በፊት፣ ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ ሕፃን ካጸዳዱ በኋላ፣ ካሳሉ ወይም ካነጠሱ በኋላ፣ ከውሃ ወረፋም ሲመለሱ ነው።

ለዚህ የሚያገለግል መታጠቢያ በቤት ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ከአንገቱ በታች በምስማር ጫፍ ትበሳና በሁለት ባላ ላይ በተጋደመ እንጨት ላይ ትንጠለጠላለች። ከጀሪካኗ አንገት ላይ ገመድ ታስሮ ከመሬት ከተጋደመ የእግር መርገጫ እንጨት ጋር ይያያዛል። መርገጫው ሲረገጥ ጀሪካኗ ታዘነብላለች፣ ውሃው በቀጭኑ ይወርዳል፤ እግር ሲነሣ ይቆማል። እጅ ጀሪካኗን አይነካም። ሳሙናው መሃሉ ተበስቶ በገመድ ቢንጠለጠል አፈር አይነካውም፤ ልጆችም አይጥሉትም። ከሥር የሚጠራቀመው የሳሙና ውሃ ለችግኝ ወይም የመጸዳጃ ቤት ወለል ለማጠብ ይውላል፤ ለከብት አይሰጥም።

እጅ የሚታሸው ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ነው። ሳሙና ቫይረሱን የሚያጠፋው የላይኛው ሽፋኑ ከቅባት የተሠራ በመሆኑና ሳሙና ይህን ቅባት ስለሚበትነው ነው። ስለዚህ ጊዜው የሚቆጠረው በሳሙና ለሚታሽበት እንጂ ውሃ ለሚፈስበት አይደለም። ሳሙና በጠፋ ጊዜ ንጹሕ የምድጃ አመድ ከውሃ ብቻ ይሻላል፤ ሳሙናን ግን አይተካም። ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ያለው ሳኒታይዘር ለሚጓዝ ሰው ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን በሚታይ ጭቃ ወይም እበት የቆሸሸ እጅን አያጸዳም፣ በእሳትም አጠገብ መያዝ የለበትም።

ታማሚ ያለበት ቤት

በውሃ አስተዳደር ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። በአንድ መንደር አንድ ሰው መታመሙ ሲሰማ የመጀመሪያው ስሜት ቤተሰቡን ከጉድጓዱ ማራቅ ነው። ስሜቱ ከፍርሃት የመጣ እንጂ ከክፋት አይደለም። ውጤቱ ግን ፍርሃቱን ያባብሳል። በወረርሽኙ መጀመሪያ ከታማሚ ጋር የቅርብ ንክኪ የነበራቸው ሰዎች ለ14 ቀናት ራሳቸውን ለይተው እንዲቆዩ ይደረግ ነበር፤ 14 ቀን ያለ ውሃ መቆየት ግን አይቻልም። ሕመሙን የተናገረ ቤተሰብ ውሃ የሚያጣ ከሆነ ቀጥሎ የሚታመመው ቤተሰብ ዝም ይላል። ሳሉን አፍኖ፣ ትኩሳቱን ሸሽጎ፣ በሌሊት ወይም ከሁሉ ጋር ተጋፍቶ ይቀዳል። ስለዚህ ውሃ መከልከል በሽታውን ከጉድጓዱ አያርቅም፤ ደብቆ ወደ ጉድጓዱ ያመጣዋል።

ለሰው የሚጠጣ ውሃ አይከለከልም የሚለው የቦረና ሕግ ከእንግድነት ጨዋነት በላይ የሆነ ጥቅም ያለው እዚህ ላይ ነው። ሕጉን ከወረርሽኙ ጥንቃቄ ጋር ለማስማማት ውሃው ወደ ቤተሰቡ ይሂድ፣ ቤተሰቡ ወደ ውሃው አይምጣ። የውሃ ኮሚቴው ለእንዲህ ያለው ቤት የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ ይሰይም። የቤተሰቡ ተራ ሳይሰረዝ ይጠበቅ፤ የተሰየመው ሰው በዚያ ተራ ቀድቶ ከአጥሩ በር ላይ አስቀምጦ ይመለስ። ቤተሰቡም እርሱ ከራቀ በኋላ ያስገባ፤ ባዶውን ጀሪካን በዚያው ቦታ ይመልስ። ቀጂው ባዶውን ጀሪካን ከነካ በኋላ እጁን ይታጠብ፤ ከዚህ የበለጠ ልዩ ልብስ ወይም ልዩ መድኃኒት አያስፈልገውም። ታማሚ ያለበት ቤት ከሌላው ይልቅ ብዙ ውሃ ስለሚፈልግ፣ ልብስና ዕቃ አዘውትሮ ስለሚታጠብ፣ ቢቻል አንድ ጀሪካን ይጨመርለት። ይህ ጭማሪ ከየቡድኑ ሲዋጣ ለአንዱ ቤት የሚደርሰው ጥቂት ነው።

ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያንና ለነፍሰ ጡሮችም ይኸው አሠራር ይጠቅማል። የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የእነዚህን ቤቶች ዝርዝር ብታውቅ መልካም ነው፤ ስማቸው በሕዝብ ፊት መነበብ ግን የለበትም።

ስለ ውሃው ንጽሕና

የኮሮና ቫይረስ በመጠጥ ውሃ አማካይነት እንደሚተላለፍ አልታየም። ይህ ግን የውሃውን ንጽሕና ቸል ለማለት ምክንያት አይሆንም። በደረቅ አካባቢ ውሃ ባነሰ ቁጥር ሰውና እንስሳ በአንድ ኩሬ ይጋራሉ፤ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከትም የሚቀሰቀሰው በዚህ ጊዜ ነው። ሁለት ወረርሽኝ በአንድ ጊዜ የሚችል ጤና ጣቢያ የለም። ስለዚህ እንስሳት የሚጠጡበት ሰዓትና ገንዳ ከሰው መቅጃ ይለይ። ጥርት ያለ ውሃ በውሃ አጋር፣ የደፈረሰ ውሃ ደግሞ በቢሻን ጋሪ ይታከም፤ መጠኑ በማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው ይሁን፤ ውሃ አጋር ከተጨመረም በኋላ ከመጠጣት በፊት 30 ደቂቃ ይቆይ። ማገዶ ባለበት ቤት ውሃውን አፍልቶ ማቀዝቀዝም ይቻላል፤ በቆላ ማገዶም እንደ ውሃው ውድ መሆኑ አይዘነጋም። ለልብስ ማጠቢያ የሚሸጥ በረኪናን ያለ ባለሙያ ምክር ከመጠጥ ውሃ ጋር መቀላቀል፣ ይልቁንም «ቫይረሱን ይገድላል» ብሎ መጠጣት፣ አደገኛ ነው።

ለውሃ ኮሚቴው ስብሰባ

ይህ ትምህርት ከተነበበ በኋላ የውሃ ኮሚቴው ከጥቂት ሰዎች ጋር፣ በገላጣ ቦታ፣ ተራርቆ ተቀምጦ ሊነጋገርባቸው የሚችሉ ጉዳዮች አሉ። በመንደሩ ያለው ፓምፕ ወይም ቦኖ አንድ ጀሪካን በስንት ደቂቃ ይሞላል? ይህን የለካ ሰው ካልኖረ ነገ ይለካ፤ የቡድኑ ቁጥር የሚወሰነው በዚህ ነውና። ውሃ የሚቀዱት በአብዛኛው ሴቶችና ልጃገረዶች ሆነው ሳለ በኮሚቴው ውስጥ ስንት ሴቶች አሉ? የትኛው ሰዓት ለእነርሱ እንደሚመችና የትኛው መንገድ በማለዳ እንደሚያስፈራ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጃገረዶች ከወትሮው ይልቅ ብዙ ጊዜ ወደ ውሃ ይላኩ እንደሆነስ ተስተውሏልን? የተራ ኃላፊው ቢታመም ማን ይተካዋል? ታማሚ ላለበት ቤት የሚቀዳው ሰው ማን ነው? እርሱስ ፈቅዷል?

የተወሰነው ተራ ለማያነቡ ሰዎች በቃል ይነገር፤ በገበያ ቀንና በጸሎት ቤቶች አማካይነትም ይድረስ። ተራው የሚለወጥ ከሆነ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ይታወቅ። ትኩሳትና ሳል ያለበት ሰው ሲገኝ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወይም በነጻ የስልክ መስመር 8335 ይነገር፤ በዚያው ዕለትም ለዚያ ቤት ውሃ የሚያደርሰው ሰው ሥራውን ይጀምር።